ከወረቀቱ ጀርባ ያሉት ጣቶች

ጥር 19፣ ሰኞ። ከቀኑ 10 ሰዓት።

ልጻፈው ወይስ ልተወው እያልኩ ቆየሁ። ልጻፈው። የአባቴን የማኅተም ቀለም ሳላስፈቅድ ወስጃለሁ። ያችን ክብ የቆርቆሮ ፓድ፣ ወይን ጠጅ ቀለም ያላትን። አሁን ቀሚሴ ኪስ ውስጥ ናት። ኪሱ ቀለም ጠጥቷል።

ሌብነት አይመስለኝም። ታዲያ ለምን ደበቅኳት?

ዛሬ አምስት ቤት ነበረን። ሰላም ከሁለተኛው ቤት ተመለሰች። የአገራችን የጎጆ አካባቢ ብርድና ዳገት አልተስማማትም፣ አፍንጫዋ ደማ። የቀረውን አንቺ ጨርሺው አለችኝ። እኔ። ሰው በር ላይ ደርሼ ሳልጣራ የምመለሰው።

ሰላም ማን እንደሆነች አልነገርኩሽም ለካ፣ ደብተሬ። ከአ/አ የመጣች የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ናት። የመጨረሻ ዓመት። የምታጠናው ፖለቲካል ኢኮኖሚ ይባላል (ከእንግዲህ ፖ/ኢ ብዬ ነው የምጽፈው፣ ረጅም ነው)። ለመመረቂያ ጽሑፏ የገበሬውን መሬት ማን እንደሚያርስ፣ ምርቱን ማን እንደሚወስድ ቤት ለቤት መጠየቅ አለባት። አባቴ የቀበሌው ጸሐፊ ስለሆነ እኛ ቤት አሳረፏት። ኦሮምኛ አትችልም። እኔ አክስቴ ዘንድ አ/አ አምስት ዓመት ተቀምጬ እስከ ስድስተኛ ክፍል ስለተማርኩ ሁለቱንም እችላለሁ። አስተርጓሚ ሆንኩ። አንቺንም በአማርኛ የምጽፍሽ ለዚሁ ነው። ወንድሜ ለሚ የተማረው በቁቤ ነው፣ ፊደል ሲያይ ዓይኑ ይንከራተታል። አባቴ ግን ያነባል። ስለዚህ የምትተኚው ከድንቹ ክምር ሥር ነው። ታገሺኝ።

ወደ ፓዱ ልመለስ። ሦስተኛው ቤት የአዴ ሶሮሜ ነው (አዴ በኦሮምኛ እንደ እማማ፣ ኦቦ ደግሞ እንደ አቶ ነው)። ባላቸው ከሞቱ ቆይተዋል። በሬ የላቸውም፣ መሬታቸውን ኦቦ ደቻሳ በእኩል ያርሱላቸዋል። መጠይቁን ጀመርኩ። እስከ 13ኛው ደህና። 14ኛው ላይ (ከመሬትዎ ምርት ማን ምን ያህል ይወስዳል?) ወረቀቱን ገልብጠው ጀርባውን አዩ። ጣቴን የት ነው የማደርገው አሉኝ። ጣት አያስፈልግም፣ ስምም አይጻፍም፣ ሰላም ነግራኛለች አልኳቸው። ተቆጡ።

"ለማዳበሪያ ጣቴን ሰጠሁ። ለግብር ሰጠሁ። እንዲያው አፌን ከፍቼ የማወራው ጅብ ነኝ? ሳልፈርም ሶሮሜ ተናገረች ብሎ ማን ያምናል?"

እኔም አመንኳቸው። ልክ መሰለኝ። እኛ ቤት ጣት ያላረፈበት ወረቀት አባቴ ምድጃ ማቀጣጠያ ያደርገዋል። ሮጬ መጥቼ ፓዷን ከሳጥኑ አወጣሁ፣ ተመለስኩ። ከወረቀቱ ጀርባ ላይ ስማቸውን ጻፍኩ፣ አውራ ጣታቸውን ይዤ አስነካሁ። ከዚያ በኋላ ስለ 14ኛው ሳያቆሙ ተናገሩ። በተቀሩት ሁለት ቤቶችም እንደዚያው አደረግሁ።

ስመለስ ወንዙ ዳር ሁለት ሰዎች በዱላ ይደባደባሉ። ለድንበር ነው፣ ለአንድ ክንድ። የአንዱ ጆሮ ተንጠልጥሏል። ሰው ከቦ ያያል። እኔም ቆሜ አየሁ። አልፈራሁም። ያስፈራኝ አለመፍራቴ ነው።


ጥር 21፣ ረቡዕ። ጠዋት፣ ከብቶቹ ከወጡ በኋላ።

ትናንት ሌላ አራት ቤት ብቻዬን ዞርኩ፣ እዚህ አልጻፍኩም። እጄ ዝሎ ነበር።

ሰላምን እርስዎ ስላት ሳቀችብኝ። በአራት ዓመት ነው የምበልጥሽ፣ አያት አታድርጊኝ አለች። አሁን አንቺ እላታለሁ፣ በልቤ ግን እርስዎ ነው የምላት።

ፖ/ኢ ምንድን ነው ብዬ ጠየቅኳት።  ማን ይሠራል፣ ማን ይወስዳል፣ የሚወስደውስ በምን ጉልበት ነው፣ ይህን መጠየቅ ነው አለችኝ። ሰው ሠርቶ በልቶ የሚተርፈው ትርፍ ምርት ይባላል። የሰው ታሪክ ሁሉ በዚያ ትርፍ ላይ የተደረገ ግብግብ ነው የሚሉ አሉ። አይደለም የሚሉም አሉ። ሁለቱንም ያነባሉ፣ ከዚያ ይፈተናሉ።

አባቴ ቁጭ ብሎ ይሰማል። ይሄማ የደርግ ጊዜ ትምህርት ነው፣ በውይይት ክበብ ያስተምሩን ነበር፣ እኔ ሁልጊዜ እንቅልፍ ይወስደኝ ነበር አለ። ለሚ ደግሞ ተመርቀሽ ምን ትሆኛለሽ አላት።

"ሥራ ፈት" አለችው።

አባቴ እስኪያስለው ሳቀ። ክፍላቸው ውስጥ ስድስት ብቻ ናቸው። ሌላው ሁሉ አካውንቲንግ መርጧል።

እኔ አልሳቅኩም። እናቴን እያየሁ ነበር። ሳይነጋ ተነስታ ውሃ ቀድታለች፣ በረቱን ጠርጋለች፣ ድንች ለቅማለች። ለሚ እግሩን ዘርግቶ ጫማዬን አቀብዪኝ ይላታል። ታቀብለዋለች። ያን ጊዜ ለሚን አፉ ላይ በድንጋይ ስመታው ታየኝ። ጥርሱ ሲረግፍ። በግልጽ ታየኝ። እንዲህ ያለ ነገር አስቤ አላውቅም። ፖ/ኢ የሚያስተምረው ይህን ነው? ወይስ ድሮም ውስጤ ነበር?

እኔስ መማር እችላለሁ ወይ አልኳት፣ ለሚ ከወጣ በኋላ። መጀመሪያ ስምንተኛን፣ ከዚያ አሥረኛን፣ ከዚያ መሰናዶ። ረጅም ነው አለች። አይሆንም ግን አላለችም።

እዚያው ቀን፣ 11 ሰዓት።

እየጠበቁኝ ነበር። በአዴ ሶሮሜ ግቢ ዘጠኝ ሰዎች። አልጠራኋቸውም። ሰላም ዛሬም አልጋ ላይ ናት፣ ብቻዬን ነኝ። ሲያዩኝ ተነሱ። ለእኔ ሰው ተነስቶልኝ አያውቅም። የጸሐፊው ልጅ መጣች ተባባሉ። ኢንተላ፣ አንቺ ልጅ፣ እኔንም ጻፊኝ። እኔንም።

ኦቦ ጅራ የሚባሉ ሽማግሌ አውራ ጣታቸውን ካስነኩ በኋላ ግራውንም ዘረጉልኝ። "ይሄኛውም ይድረሰው እንጂ። ከቀኙ እኩል ሠርቷል፣ ምን አጠፋ?" ሁሉም ሳቁ። 

14ኛው ላይ የሁሉም መልስ አንድ ነው። ኦቦ ደቻሳ። አውድማ ላይ መጀመሪያ የበሬዎቹን ያነሳሉ። ከዚያ የዘሩን። ከዚያ የጥበቃውን፣ መሣሪያ ያላቸው እሳቸው ስለሆኑ። ከዚያ የቀረውን ለሁለት። ስሙ እኩል ነው። አንዲት ሴት ለምን ብላ ጠይቃ በነጋታው ላሟን ቋንጃዋ ተቆርጦ አገኘቻት።

አሁን የምጽፈውን ማንም እንዳያነብ። እነዚህ ሰዎች ወረቀቱ አምቦ፣ ዞኑ ጽ/ቤት ድረስ የሚሄድ አቤቱታ መስሏቸዋል። ገባኝ። ኦቦ ጅራ መቼ ይደርሳል ብለው ሲጠይቁኝ ገባኝ። አይደለም፣ የተማሪ ወረቀት ነው፣ መደርደሪያ ላይ ነው የሚቀመጠው ማለት ነበረብኝ። አፌን ከፈትኩ። ሁሉም እያዩኝ ነበር። እኔን። ቶሎ ይደርሳል አልኩ።


ጥር 22፣ ሐሙስ። ማታ ከእራት በፊት።

ዛሬ አሥራ አንድ ሰው ጻፍኩ። በጠቅላላው ሃያ ሰባት ሆነዋል።

መንገድ ላይ ኦቦ ደቻሳን አገኘኋቸው። በበቅሎ ላይ ናቸው። ወረዱ። አባትሽ ደህና ነው አሉኝ። ፈገግ ብለው። የእንግዳዋ ልጅ ትምህርት እንዴት ነው አሉኝ። ደህና አልኩ፣ ድምፄ አልወጣም። እጄን ያዙ። ገለበጡት። ጣቶቼን አንድ በአንድ አዩ።

"ቀለም ነክቶሻል። እናትሽ አታጥብሽም?"

ሳቁና ሄዱ። ሌላ ምንም አላሉም። ቤት ገብቼ እጄን በአመድ አሸሁት። በአሸዋ አሸሁት። አለቀቀም።

ለሰላም አልነገርኳትም። ስለ ጣቶቹም ገና አልነገርኳትም። የወረቀቶቹን የፊት ገጽ ብቻ እያየሁ ነው የማነብላት፣ ስጨርስ አንቺ ዘንድ አኖራቸዋለሁ።


ጥር 24፣ ቅዳሜ። 8 ሰዓት።

 ፊደሎቹ ከተጣመሙ ይቅርታ።

የአዴ ሶሮሜ አውራ ጣት የለም።

ከጎረቤታቸው ነው የሰማሁት፣ እሷ አይታለች። ዛሬ ጠዋት ነው። ሰውዬው ከትናንት ጀምሮ የሰው ጣት ያይ ነበር። ወንዝ ዳር፣ ወፍጮ ቤት በር ላይ፣ ሰላምታ እያስመሰለ። (ከእንግዲህ እሳቸው አልለውም። ደቻሳ ነው።) ሰዎቹ ወሬውን ሲሰሙ ጣታቸውን በድንጋይ ይፍቁ ጀመር። ኦቦ ጅራ ቆዳቸው ተገሽልጦ ሁለቱም አውራ ጣቶቻቸው ደምተዋል። ግራቸውንም ቀብቻቸው ነበርና።

አዴ ሶሮሜ አልፋቁም። አውድማቸው ላይ ገብስ ያነፍሱ ነበር። ደቻሳ ከልጁ ጋር መጣ። አካም ቡልተን፣ እንዴት አደሩ አለ፣ እንደ ደህና ሰው። ከዚያ የፈረመው የትኛው ነው ብሎ ጠየቀ። እሳቸው ሌላ ወረቀት ሊያስነካቸው መስሏቸው እጃቸውን ዘረጉ። ራሳቸው ዘረጉ። ልጁ ክንዳቸውን ይዞ ድንጋይ ላይ አስቀመጠው። ደቻሳ በመጥረቢያ ጀርባ አውራ ጣታቸውን መታው። አንድ ጊዜ ብቻ። ጎረቤቷ እንደምትለው ድምፁ ድንች ሲፈነከት ይመስል ነበር።

በወሳንሳ ጤ/ጣቢያ ወሰዷቸው። አጥንቱ ደቋል አሉ። እስከ መገጣጠሚያው ቆረጡት።

ሄጄ አየኋቸው። በር ላይ ቆሜ ነው ያየኋቸው። ፊታቸው ወደ ግድግዳው ነበር። አልገባሁም። ደብተሬ፣ አልገባሁም። ተመልሼ መጣሁ።


ጥር 25፣ እሁድ። ቤተሰቡ ቸርች ነው። 4 ሰዓት።

ለሰላም ነገርኳት።

መጀመሪያ አልገባትም። የምን ጣት አለች። ወረቀቶቹን ከድንቹ ሥር አውጥቼ ገለበጥኩላት። አንድ። ሁለት። ሃያ ሰባት። ስም፣ ከስሙ ሥር ወይን ጠጅ ጣት። ፊቷ ነጣ። በጥፊ መታችኝ። ጆሮዬ ጮኸ። ደግማ እንድትመታኝ ፊቴን ሰጠኋት፣ አልመታችኝም፣ መሬት ላይ ቁጭ ብላ አለቀሰች።

ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ነገረችኝ። የመጀመሪያው ዓመት የመጀመሪያው ትምህርት እኮ ነው አለች። የተናጋሪው ስም አይታወቅም። አስተማሪያችን ሰሌዳው ላይ ጽፎ ሳምንት ሙሉ አላጠፋውም ነበር። የምንጠይቀው ስለ ጉልበት ስለሆነ፣ ጉልበት ያለው ሰው ደግሞ ስለሚመታ። እኔ ለአንቺ ስም አትጻፊ አልኩሽ፣ ለምን እንደሆነ አልነገርኩሽም። መነገር ያለበት አልመሰለኝም። ጥፋቱ የእኔም ነው አለች።

የእሷም ነው ማለቷ አናደደኝ። ለምን እንደሆነ አላውቅም። የእኔ ነው። ሙሉውን እፈልገዋለሁ።

አሁን መልሶቹን በንጹህ ወረቀት እየገለበጥን ነው። ያለ ስም። "አባወራ 1"፣ "አባወራ 2"። አዴ ሶሮሜ "አባወራ 3" ሆነዋል። ባል የሞተባቸው ሴት መሆናቸውን ነገርኳት። ቅጹ ላይ ያለው ቃል እሱ ነው አለችኝ።

ስንጨርስ የፊተኞቹን እናቃጥላለን ብላለች። ከቸርች መዝሙሩ ይሰማል። እኛ እንጽፋለን።

አልጨረስንም፣ እነ አባቴ ከቸርች መጡ።


ጥር 26፣ ሰኞ። ከቀኑ 9 ሰዓት።

ሰላም ትናንት ማምሻውን ንጹሆቹን ቅጂዎች ጨርሳ ቦርሳዋ ግርጌ አደረገቻቸው። የፊተኞቹን ዛሬ እናቴ ወንዝ ስትወርድ ልናቃጥል ነበር። ሳትወርድ ደቻሳ መጣ። ሁለቱ ልጆቹ አብረውት። አንዱ ጠመንጃ ይዟል።

አባቴ ቁርስ ላይ ነበር። ቁጭ በሉ አላቸው። አልተቀመጡም። ደቻሳ ወረቀቱን አምጣ አለው። የምን ወረቀት? አባቴ አያውቅም። እውነቱን ነው፣ አያውቅም። በጌታ ስም አላውቅም አለ። ልጁ በሰደፉ አፉን መታው። ሁለት ጥርሱ ወለቀ። እናቴ ጮኸች፣ በክርን ደረቷን ገፍትረዋት ግድግዳው ላይ ወደቀች። ለሚ ተነሳ፣ አፈሙዙ ሆዱ ላይ ሲሆን ተቀመጠ። ለሚ ሲያለቅስ አይቼው አላውቅም ነበር። ባለፈው ስለ ጥርስ የጻፍኩት ትዝ አለኝ። የሌላ ሰው ጥርስ ላይ ደረሰ።

ሳጥን ገለበጡ። የሰላምን ቦርሳ ዘረገፉ፣ ስም የሌለበትን ወረቀት አይተው ጣሉት። ድንቹን አንዱ በእግሩ መታ፣ ትንሽ ተንከባለለ። አልቆፈረም። አንቺና ወረቀቶቹ ከሥሩ ነበራችሁ። ትንፋሼን እንደያዝኩ ነበር።

ከዚያ ደቻሳ እንዲህ አለው።

"ጸሐፊው፣ እኔ ላይ አቤቱታ ማዘጋጀት ከፈለግህ ንገረኝ፣ ሻይ እያጠጣሁህ ታዘጋጀዋለህ። የሰው ጣት ላይ ያየሁት ቀለም የቢሮህ ነው። በዚህ ቀበሌ ካንተ ሌላ ወይን ጠጅ ያለው ማን ነው? አምጣት፣ ልያት።"

አባቴ እየደማ ሄዶ ሳጥኑን ከፈተ። ፓዷ የለችም። ኪሴ ውስጥ ናት። ጭኔ ላይ ትሰማኛለች። ቀና ብሎ አየኝ። ብዙ አላየኝም። አንድ ትንፋሽ ያህል። አወቀ።

ጠፍታብኛለች አለ።

መቱት። ጠፍታብኛለች አለ። መቱት። እኔ እዚያው ቆሜያለሁ። አፌ ውስጥ ቃሉ አለ፣ እኔ ነኝ የሚለው፣ ሁለት ቃል ብቻ ነው። ምላሴ አልታዘዝ አለኝ። ሰላም በአማርኛ ትጮሃለች፣ ማንም አይሰማትም። አንዱ ልጅ ፀጉሯን ይዞ ወደ ውጭ ጎተታት። ግንባሯ በበሩ ጠርዝ ተሰነጠቀ።

ደቻሳ ሲወጣ ረቡዕ ከገበያ መልስ እመለሳለሁ አለ። ወረቀቱ ከተገኘ የፈረሙትን ከራሳቸው ጋር እነጋገራለሁ። ካልተገኘ ካንተ ጋር። ቁርሱን ባረከለት። በእውነት፣ እጁን አንስቶ ባረከ።

አባቴ አልመታኝም። ሲሄዱ ይመታኛል ብዬ ጠበቅሁ። አልመታኝም። ምንም አልጠየቀኝም። ፊቱን ወደ ምድጃው አዙሮ ተቀምጧል፣ በጨርቅ ደሙን እየጠረገ። ቢመታኝ ይሻል ነበር።


ጥር 27፣ ማክሰኞ። ጠዋት 2 ሰዓት።

ሰላም ሄደች። በአይሱዙ፣ በጊንጪ በኩል። አባቴ ነው ያሳፈራት፣ ከንፈሩ አብጦ መናገር ሳይችል። ግንባሯ በሻሽ ታስሯል። ንጹሆቹን ወረቀቶች ከዘረገፉበት ለቅማ ይዛለች። ስትወጣ አላየችኝም፣ ከዚያ ተመልሳ አቀፈችኝ። ዛሬውኑ አቃጥዪያቸው አለችኝ። ማንንም ሳትጠይቂ አቃጥዪያቸው።

ትመረቃለች። ጽሑፉ ውስጥ 14ኛው ጥያቄ ሰንጠረዥ ይሆናል። አዴ ሶሮሜ 3 ቁጥር ይሆናሉ። አልጠላኋትም። ልጠላት ሞክሬ ነበር።

እዚያው ቀን። 7 ሰዓት።

ክብሪት ይዤ ከበረቱ ጀርባ ወረድኩ። ወረቀቶቹን ከመሬት አስቀመጥኩ። የመጀመሪያውን አነሳሁ። የአዴ ሶሮሜ ነው። ጣታቸው አለ እዚያ። ሙሉ ነው። መስመሮቹ ሁሉ፣ መሃል ላይ የድሮ ቁስል ጠባሳ፣ ሁሉም። አሁን እዚህ ወረቀት ላይ ካልሆነ በቀር ያ ጣት በዓለም ላይ የለም።

ክብሪቱ አለቀ። ሦስት ነበረ፣ ሦስቱንም በከንቱ ጨረስኩ።

ቀና ስል ራሳቸው አዴ ሶሮሜ ቆመዋል። እጃቸው ተጠቅልሏል፣ እስከ ክርናቸው አብጧል። ትኩሳት አላቸው። እንዴት እዚህ ድረስ እንደመጡ እንጃ። ቁጭ ብዬ እግራቸውን ያዝኩ። አላነሱኝም። ልታቃጥዪ ነው አሉኝ። አዎ አልኩ። የተማሪ ወረቀት ነው፣ የትም አይሄድም፣ ዋሸሁ፣ ይሄው አልኳቸው። ተናገርኩት።

የተጠቀለለ እጃቸውን በሌላው ደገፉ።

"የእኔን ግን አታቃጥዪ" አሉ። "እኔ ከፍዬበታለሁ። ለተማሪ ከሆነ ለተማሪ፣ እኔ ግን አምቦ አደርሰዋለሁ። አንቺ ታነቢልኛለሽ።"

እሳቸው ሳይሄዱ ኦቦ ጅራ መጡ። ሁለቱም ጣቶቻቸው በጨርቅ። አልሳቁም፣ አልቀለዱም። ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣ የእኔን አጥፊልኝ አሉ። ልጆቼ የሚያርሱት ከሱ ጋር ነው፣ የሚበሉት ከሱ ነው፣ ቤቴን አታፍርሺብኝ። አለቀሱ። ሽማግሌ ሲያለቅስ የት እንደሚታይ አላውቅም፣ መሬት አየሁ።

አዴ ሶሮሜ ፈሪ አሏቸው። ኦቦ ጅራ አዎ ፈሪ ነኝ፣ ስድስት ነፍስ አለብኝ አሉ። አንዳቸው ለአንዳቸው ሳይሰናበቱ ወጡ።

ተቀምጬ አሰብኩ። ሰላም ሁሉንም አቃጥዪ ትላለች። አዴ ሶሮሜ አምቦ ይላሉ። ኦቦ ጅራ አጥፊ ይላሉ። የቀሩት ሃያ አምስትስ? አልጠየቅኳቸውም። መጀመሪያም አልጠየቅኳቸውም። ወዴት እንደሚሄድ ሳይነገራቸው ጣታቸውን ወሰድኩ። ደቻሳ ደግሞ እህሉን ሳይጠይቅ ይወስዳል። ልዩነት አለው፣ አውቃለሁ። ግን ራሴን ከማን ጋር አንድ መስመር ላይ እንደጻፍኩ አየሁት። 

እዚያው ቀን። 11 ሰዓት።

ወስኛለሁ። ሳልሰርዘው ልጻፈው።

ነገ ሳይነጋ እወጣለሁ። ሃያ ስድስት ወረቀት፣ ሦስት መንደር፣ የሁሉንም በር አውቀዋለሁ። ለየባለቤቱ በእጁ እሰጠዋለሁ። ለምን እንደነበር እነግራለሁ፣ መዋሸቴንም እነግራለሁ። የሚያቃጥል ያቃጥል፣ አምቦ የሚሄድ ይሂድ። የሚመታኝም ይኖራል። ይምታኝ። የአዴ ሶሮሜን ግን አልመልስም፣ አደራ ብለውኛል። ቀሚሴ ውስጥ እሰፋዋለሁ።

ከዚያ ደቻሳ ከገበያ ከመመለሱ በፊት ቤት እደርሳለሁ። አባቴ ከቸርቹ ጓሮ ባለው ወንድሙ ቤት እንዲውል ለእናቴ ነግሬያታለሁ። ለምን አላለችኝም። እሺ አለች።

ሲመጣ እንዲህ እለዋለሁ። ቀለሙን ከአባቴ ሰርቄ የወሰድኩት እኔ ነኝ። ጣቶቹን ያስነካሁት እኔ ነኝ። ወረቀቱ በባለቤቶቹ እጅ ነው። አባቴን አትንካ። አራት ዓረፍተ ነገር ነው። ከሰዓት በኋላ በረት ውስጥ ሆኜ ጮክ ብዬ ተለማመድኩት። ላሟ ዞራ አየችኝ። ሦስተኛው ላይ ድምፄ ይጠፋል። ደጋግሜ ሞከርኩ፣ ሦስተኛው ላይ ይጠፋል። ስለዚህ ቅደም ተከተሉን ቀየርኩ፣ አባቴን አትንካ የሚለውን መጀመሪያ አደረግሁት። ድምፄ ካለቀም ከሱ በኋላ ይለቅ።

ግቢ ውስጥ አልጠብቀውም። ከአጥሩ ውጭ መንገዱ ላይ እቆማለሁ፣ እናቴ እንዳታይ።